ባለቤቴና የተቀበረው ሪፍ

እኔና ባለቤቴ የምንሠራው አንድ ነዳጅ ፈላጊ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ከባድ መኪኖች መሬቱን እያንቀጠቀጡ ሞገድ ወደ ጥልቁ ይልካሉ፤ ከድንጋዩ ነጥሮ የሚመለሰውን መሣሪያዎች ይመዘግባሉ። እኔ የማይፈለገውን ሞገድ እያስወገድኩ መረጃውን አጠራለሁ። እሱ ደግሞ ከሚወጣው ምስል ላይ ሪፍ ይፈልጋል፤ በጥንት ባሕር ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት የገነቡት፣ ዛሬ ከምድር በታች የተቀበረ የኖራ ድንጋይ ጉብታ ማለት ነው። ነዳጅ ካለ እዚያ ይጠራቀማል።

አንድ ቀን በስብሰባ ላይ አለቃችን «ታዲያ የት ጋ እንቆፍር?» ሲለው፣ ባለቤቴ ተነሥቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ጉብታ የሚባል ነገር የሌለበት ቦታ ላይ! እኔ ድንጋጤዬን ዋጥ አድርጌ «ምስሉን ገና አጥርቼ አልጨረስኩም፤ ትንሽ ጊዜ ስጡን» አልኩና ስብሰባው ተበተነ።

ቤት ገብተን እሱ ሰሃን እያጠበ ሳለ፣ «ዓይንህን ያስቸገረህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

እጁ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ቆይቷል። የማየው ነገር መሃሉ ይጠፋብኛል። አንቺን ሳይ እንኳ የሚታየኝ ጆሮሽ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ጆሮሽም አይከፋም ብዬ።»

ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ።

በማግስቱ ለአለቃችን ራሱ ነገረው። አለቃችን ጥቂት አሰበና «እሷ ትይልህ፣ አንተ ወስን» አለው። ወንበሬን ከጎኑ አስጠጋሁ።

«እሺ፣ ንገሪኝ።»

«መስመሮቹ ለጥ ብለው ይመጡና እዚህ ጋ ያብጣሉ። አናቱ ላይ ደማቅ መስመር አለ። ውስጡ ድብልቅልቅ ያለ ነው።»

«ግራና ቀኝ ያለው የጭቃ ንብርብርስ?»

«ጎኑ ላይ ሲደርስ እየሳሳ ያልቃል።»

«ከሥሩ ያለው ወለል?»

«እሱም ጎበጥ ብሏል።»

ፈገግ አለ። «እሱ እንኳ ማታለያ ነው። ኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሞገዱ ይፈጥናል፣ ቶሎ ስለሚመለስ ወለሉን ከፍ ያለ ያስመስለዋል፤ ሪፍ ለመሆኑ ምልክቱ ይኸው ነው። አገኘሽው!»

«አገኘነው» አልኩት።

ተቆፈረ። ጨዋማ ውሃ እንጂ ነዳጅ አልወጣም፤ አለቃችን አንገቱን ደፋ። ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ ግን ኮራል ነበር። ባለቤቴ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት፣ ኮከብ የሚመስሉትን ቀዳዳዎች በአውራ ጣቱ ይዳስስ ጀመር። «ጥልቀት የሌለው ባሕር» አለ ቀስ ብሎ። «ሞቃት። ፀሐይ እስከ ታች የሚገባበት።» ለረጅም ጊዜ አላስቀመጠውም፤ እኔም አላጣደፍኩትም።

ዓይኑ አልተመለሰም። አሁን ጠረጴዛችንን አጋጥመን ሌላ ጉብታ እየፈለግን ነው። እሱም አንዳንዴ ያማርራል፦ «ኧረ መስመሩን ንገሪኝ አልኩሽ እንጂ ታሪክ አውሪኝ አልኩሽ?»