ትሬቨር እንዳይመረጥ

ትሬቨር ሃክስቢ ለስኬልቢ ከተማ ምክር ቤት ዕጩ የሆነው የቤከን ሳንድዊቹን እያኘከ ነው። ላሾፍበት ብዬ አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ከገበያው አደባባይ ፊት ለፊት ባለችው የሊን ካፌ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የእኛ ነው። እኛ ማለት ሦስት ጡረተኞች ነን፤ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው ትሬቨር፣ ሥጋ ቤት የነበረው ጄፍሪ፣ እና ፖስታ ሳድል የኖርኩት እኔ፣ ሌን። ትሬቨር ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ሌበር ነው፤ የሠራተኞቹ ፓርቲ ሰው። ጄፍሪ ደግሞ ከአያቱ ጀምሮ ወግ አጥባቂ። እኔ መካከላቸው ተቀምጬ ስኳር አቀብላለሁ።

«ባቡሩ ዛሬም ቀረ» ይላል ትሬቨር ጋዜጣውን እያጠፈ። «ሾፌር የለም ተብሎ።»

«ሾፌሮቹ ያንተ ሰዎች አይደሉም እንዴ? አድማ ላይ ይሆናሉ።»

«የኔ ሰዎች አድማ የሚመቱት ያንተ ሰዎች ሐዲዱን ሳይቀር ስለቸረቸሩት ነው!»

«አሁን ሥልጣን ላይ ያለው ማነው? የኔ አጎት ነው?»

«ገና መግባታቸው ነው፣ ሰውዬ! ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም!»

«የኔዎቹ ኮታቸውን ሳያወልቁ ነበር ጠቅላይ ሚኒስትር የሚቀያይሩት» ይላል ጄፍሪ ሻዩን እያማሰለ። «ፈጣኖች ነበሩ። ይህን እንኳ አትክዳቸውም።»

ሊን ከወጥ ቤቱ ብቅ ብላ፣ «እናንተ ሽማግሎች፣ ዝቅ አድርጋችሁ ተጨቃጨቁ፣ ደንበኛ አስበረገጋችሁብኝ» ትላለች። ይህ በየቀኑ ነው። ጄፍሪ አንድ ሳምንት ታሞ ሲቀር ትሬቨር ከመስኮቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰንብቷል።

ታዲያ በዚያ የመጋቢት ጠዋት የአካባቢያችን ሌበር ጸሐፊ ማርጆሪ እስክሪብቶዋን ይዛ መጣች። ለግንቦቱ ምርጫ በሁሉም ሰፈር ዕጩ ማቆም አለባቸው፤ በእኛ ሰፈር የሚቆምላቸው ሰው ጠፍቷል።

«ስምህን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ትሬቭ» አለችው። «ለወረቀት ማሟያ። በራሪ ጽሑፍ አናትምም፣ ስብሰባ የለም። መቼም አታሸንፍም።»

ይህ እውነት ነው። በእኛ ሰፈር ሌበር አሸንፎ አያውቅም። አህያ አንገቷ ላይ የወግ አጥባቂዎቹ ሰማያዊ ሪባን ቢታሰርላት በሰፊ ድምፅ ትመረጣለች፤ ይህን ጄፍሪ ራሱ በኩራት ይናገራል። ትሬቨር ፈረመ። ለምስክርነት እኔም ፈረምኩ። ጄፍሪ አንድ ሻይ ጋበዘው፤ «ለተሸናፊው» ብሎ።

ነገሩ የከበደው ቤቱ ሲገባ ነው። የትሬቨር ሚስት ግሌኒስ ባሏ ጡረታ እስኪወጣ አሥር ዓመት የጠበቀች ሴት ናት። ፋይሊ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፎቅ የሌላት ትንሽ ቤት አግኝተዋል። የስኬልቢውን ቤት የሚገዛ ሰውም ተገኝቷል፤ በሐምሌ ሊለቁ ነው። ግሌኒስ ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀምራለች።

«ብትመረጥስ?» አለችው።

«አልመረጥም፣ ውዴ። በዚህ ሰፈር?»

«ብትመረጥስ ነው ያልኩህ።»

«ብመረጥ እተወዋለኋ!»

«አንተ?» አለች ግሌኒስ። «ከጡረታህ በኋላ እንኳ አውቶቡሱ ዘገየ ሲሉህ ፌርማታው ድረስ ሄደህ ይቅርታ የጠየቅክ ሰው? የምክር ቤቱን አራት ዓመት ሙሉ ፍንክች አትልም። እኔ ግን በሐምሌ እሄዳለሁ፣ ትሬቨር። ከሳህኖቼ ጋር።»

ትሬቨር ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳቁ ቆመ።

ምክር ቤቱ በገበያው አደባባይ መኪና ማቆም በክፍያ ይሁን ብሎ ወሰነ። እስከዚያ በነጻ ነበር። ሰፈራችንን አሥራ ስድስት ዓመት የወከሉት ወግ አጥባቂዋ ወይዘሮ ፊሊፓ ዳንትም እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። የስኬልቢ ሰው ጦርነት ሲታወጅ በትዕግሥት ይሰለፋል፤ መኪና ማቆሚያ ሲነኩበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በማግስቱ ጄፍሪ ካፌው የገባው ኮፍያውን ሳያወልቅ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሥጋ በሸጥኩበት ደጃፍ!» አለ። «እኔን! ክፈል! ሌቦች!»

ትሬቨር በድንጋጤ ቀና አለ። «እንዴ፣ ጄፍ፣ ተረጋጋ እንጂ። ምክር ቤቱ ገንዘብ ከየት ያምጣ?»

«ምን አልክ?»

«የመንገዱን ጉድጓድ ማን ይድፈነው? ወይዘሮ ዳንት አስበውበት ነው።»

ጄፍሪ ወደ እኔ ዞረ። «ሌን፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል?»

«ያንተን ፓርቲ እየተከላከለ ነው» አልኩ።

«የኔን ፓርቲ ማን ተከላከል አለው! የኔን ፓርቲ የምሰድበው እኔ ነኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛችን ተገለበጠ። ጄፍሪ ወግ አጥባቂዎቹን ይረግማል፣ ትሬቨር ላቡን እየጠረገ ያመሰግናቸዋል። ሊን እንኳ ሳህን ማጠቧን ትታ ታዳምጥ ነበር።

ሰዉ ትሬቨርን መንገድ ላይ እያስቆመ ትከሻውን ይመታው ጀመር። እሱም ነገሩ ስላስፈራው ቤት ለቤት ዞሮ ራሱን ለማስጠላት ወሰነ። እኔም አብሬው ዞርኩ። የመጀመሪያውን በር ስናንኳኳ የወጡት የመነጽራቸው ክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴትዮ ነበሩ።

«ቢመረጡ የመኪና ማቆሚያውን ክፍያ ያስቀራሉ?» አሉት።

«አላስቀርም» አለ ትሬቨር። «አንድ ሰው ምን አቅም አለው? ደግሞ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

«የቆሻሻ መኪናውስ? ሁለት ሳምንት ቀረብን እኮ።»

«የሚቀረው የእናንተ ጎረቤቶች መኪና መታጠፊያው ላይ ስለሚያቆሙ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ጥፋቱ የራሳችሁ ነው። ወይዘሮ ዳንት ጥሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ይምረጡ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ፦ «ብራያን! ብራያን፣ ቶሎ ና! እዚህ በር ላይ 'አልችልም' የሚል ፖለቲከኛ ቆሟል!»

ባልየው በካልሲው ሮጦ መጥቶ ትሬቨርን ጨበጠው። በሌላው መንገድ በሦስተኛው ቤት ኬክ ሰጡን።

ምርጫው ሐሙስ ነበር፤ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ውሾች በር ላይ ታስረው ጌቶቻቸው ገብተው ይወጣሉ። ጄፍሪን ማንን መረጥክ ብዬ ብጠይቀው፣ «እናቴ ከመቃብር ብትነሳ የማልነግራት ነገር ነው» አለኝ። ፊቱ ግን ቀልቷል። ግሌኒስ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ ለብቻዋ መጣች፣ መረጠች፣ ማንንም ሳታነጋግር ሄደች።

ቆጠራው ዓርብ ጠዋት በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ተካሄደ። የቅርጫት ኳስ መስመሩ ላይ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። እኔ የትሬቨር ታዛቢ ሆኜ ገባሁ። ግሌኒስና ጄፍሪ እንደ እንግዳ ከገመዱ ወዲያ ቆሙ። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ወይዘሮ ዳንት፣ ትሬቨር፣ እና ከአረንጓዴዎቹ ፓርቲ አንድ በብስክሌት የመጣ ወጣት። የወጣቱ ክምር ቶሎ አለቀ። የሁለቱ ግን እኩል እኩል ከፍ እያለ ሄደ። ትሬቨር የራሱን ክምር የሚያየው ጎርፍ ቤቱ ሲገባበት እንደሚያይ ሰው ነው።

ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ የምርጫው ኃላፊ፣ ክራቫቱን ያጠበቀ ዘንካታ ሰው፣ ዕጩዎቹንና ታዛቢዎቹን ወደ ጠረጴዛው ጠራን።

«ወይዘሮ ዳንትና አቶ ሃክስቢ እኩል ናችሁ» አለ። «አንድ አጠራጣሪ ወረቀት አለ። በአቶ ሃክስቢ ሳጥን ውስጥ ምልክት የለም፤ ጽሑፍ ነው ያለው። ሕጉ የመራጩ ፍላጎት ግልጽ ከሆነ ይቆጠር ይላል።»

«ውድቅ ነው!» አለ ትሬቨር ወረቀቱን ሳያይ። «ጽሑፍ ምን ይሠራል? ውድቅ!»

ወይዘሮ ዳንት ደነገጡ። «ይህንን እኔ ነበርኩ የምለው» አሉ።

«ይበሉታ! እደግፍዎታለሁ!»

ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። «'ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ ግን እባካችሁ እንዳትመርጡት።'»

አንዱ ቆጣሪ ሳቁን በእጁ አፈነ።

«እንዳትመርጡት ይላል እኮ!» አሉ ወይዘሮ ዳንት። «ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?»

«እሱ ለሌሎች የተሰጠ ምክር ነው፣ ወይዘሮ» አለ ኃላፊው። «መራጩ ራሱ ግን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው ብሏል፤ የጻፈውም በእሱ ሳጥን ውስጥ ነው። ሌሎቹ ሳጥኖች ባዶ ናቸው። እኔ ድምፅ ነው እላለሁ። የሚወድቀው ጽሑፉ ማን እንደጻፈው የሚያሳውቅ ከሆነ ብቻ ነው። የእጅ ጽሕፈቱን የሚያውቀው ሰው አለ?»

ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው። ትሬቨር ክርክሩን ለመቀጠል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳይዘጋው ቀረ። ነፋስ እንደገፋው አጥር ወደ ግራ የተጋደመ ጽሕፈት ነው። በየገና በዓሉ የሚመጣልን ካርድ ላይ ያለው ጽሕፈት ነው፤ እኔ ራሴ አወቅሁት።

«የሷ ነው» አልኩት በሹክሹክታ። «በል ተናገር! ዳንክ እኮ!»

«ሌን» አለኝ። «ከሁሉም ይሻላል ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ግን ቀጥሎ...»

«ቀጥሎ ያለውንማ ቤት ውስጥም ሰምቼዋለሁ። የፊተኛውን ግን በአርባ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን አልሰማሁም።»

ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ድምፅ ምስጢር ነው» አለ ለኃላፊው። «የማንም ይሁን የማን አልናገርም።»

ያኔ ነው ከገመዱ ወዲያ፣ «እንዳትመርጡት ብዬ አይደል...» የሚል ድምፅ የተሰማው።

ሁሉም ዞረ። ግሌኒስ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ጄፍሪ አጠገቧ ኮፍያውን እያሸ ነው።

«ወይዘሮ፣ የሚናገሩት ነገር አለ?» አለ ኃላፊው። «ስለዚህ ወረቀት የሚያውቁት ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ከወደቀ ዕጣ እናወጣለን።»

አዎ ብትል ኖሮ ነገሩ በዕጣ ነው፤ የፋይሊ ቤት ግማሹ እጇ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ግሌኒስ ወደ ባሏ አየች። ትሬቨር ግን እሷን አያይም፤ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበበ ነው፤ ጆሮው ደም መስሏል። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያን ያህል ሲቀላ አይቼ አላውቅም። ወይዘሮ ዳንት የግሌኒስን ከንፈር ይጠብቃሉ። እኔም እንደዚያው።

«የለም» አለች ግሌኒስ በመጨረሻ። «ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው።»

ጄፍሪ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት።

ትሬቨር በአንድ ድምፅ አሸነፈ። ወይዘሮ ዳንት እንደ ጨዋ ሴት ጨብጠውት፣ «ስለ እኔ የተናገሩትን መልካም ነገር ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ገደሉኝ» አሉት። ጄፍሪ ደግሞ፣ «አሁንማ ሥልጣን ላይ ነህ፣ አንተ ሌባ!» እያለ ጀርባውን ይደበድበው ነበር። ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቷል። ማንን እንደመረጠ ከመቃብር የሚነሳ ሰው ሳያስፈልግ ገባኝ።

ወደ መኪናቸው የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ትሬቨር ቁልፉን ይዞ በሩን ሳይከፍት ቆመ።

«ግሌን፣ ፋይሊን...»

«ዛሬ ስለ ፋይሊ አታንሳብኝ።»

«እሺ። ግን ከልብሽ ነው? 'ከሁሉም ይሻላል' ያልሽው?»

«ከሁለት ሰው ነው የተሻልከው፣ ትሬቨር። አንደኛዋ መኪና ማቆሚያ ታስከፍላለች፣ አንደኛው በብስክሌት ይመጣል። ብዙ እንዳይመስልህ።»

«ቢሆንም» አለ ትሬቨር።

«ለቤቱ ገዢ ሰኞ እደውልለታለሁ። ምን እንደምለው እኔ አላውቅም።» መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «በነገራችን ላይ፣ ደጃችን ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ወር ሆኖታል።»

«አውቃለሁ» አለ ትሬቨር።

«አውቃለሁ አትበለኝ። ለምንለቀው ሰፈር መብራት ማን ይጨነቃል ብዬ ትቼው ነበር። አሁን እዚህ የምኖር ሰው ነኝ፤ ምን ልታደርግ እንዳሰብክ ነው የምጠይቅህ።»

ትሬቨር አቤቱታዋን ሊመዘግብ ወደ እኔ ዞሮ እስክሪብቶ ለመነኝ።