ከፍ አድርጋ አነሳችው

የልብስ ሰፊዋ ባል በሳንባ ሕመም ሞተ ይባላል። እሷ ግን አንጀቱን ያሳረረው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

እሁድ ከሰዓት በፀጉር አስተካካዩ ቤት የድሮ ዘፈን የሚወዱ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሁሉም በዘፈን ያረጁ ናቸው፤ ግጥም የሳተ ሰው ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። ዜማውን የምታነሳው እሷ፣ ግጥሙን የሚያወርደው ባሏ ነበር፤ ሌላው ይቀበላል። ባሏ ማሳል ሲጀምር ፀጉር አስተካካዩ በሰው ፊት፣ «ወንድሜ፣ አንተ አሁን ብታጨበጭብ ይበቃሃል» አለውና ቦታውን ወሰደ። ሰው ሳቀ። ባሏ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ እንኳ ሳያንጎራጉር ሞተ።

እሷ ግን መሄዷን አልተወችም። የባሏ እህት ተናደደች።

«እኔ ብሆን ደጁን አልረግጥም።»

«ደጁን ካልረገጥኩ እሱን የት አገኘዋለሁ?»

ፀጉር አስተካካዩ ድምፁ ወደ ላይ አይወጣለትም። ሁልጊዜ በጆሮዋ፣ «ዝቅ አድርገሽ አንሺልኝ እህቴ» ይላታል፤ እሷም ዝቅ ታደርግለታለች።

አንድ እሁድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሊቀርጻቸው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ልጆቹንና አማቾቹን ሰብስቦ ጠበቀ። እሷም ባሏ የሚወደውን የአጨዳ ዘፈን ከፍ አድርጋ አነሳችው። የተጀመረ ዘፈን ማቋረጥ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ በዓይኑ ለመናት፤ ፈገግ አለችለት። የመጀመሪያውን ስንኝ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ እንደምንም ተወጣው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ እንደ ጫጩት ሲጥ አለ። ከተቀባዮቹ አንዱ የሆነው አናጢ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አማቾቹም ጭምር። ጋዜጠኛው መቅረጫውን አጠፋ።

ሰው ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ሆን ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ለሱ አዝኜ ነው ያን ጊዜ። ታሞ ነበር።»

«ያዘነ ሰው ለብቻው ጠርቶ ይነግረዋል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ዘፋኞቹ አሁን የሚሰበሰቡት አናጢው ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ አይመጣም። እሷ ወደዚያ ስትሄድ በደጁ ታልፋለች፤ ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አቋራጭ መንገድ እንዳለ ታውቃለች፤ ግን በዚያው ታልፋለች፤ ደጁ ጋ ስትደርስም እርምጃዋን ቀስ ታደርጋለች።