የቆርኪው ዘመቻ

«ይኸው ኒጀርን ተሻገርን፤ ከዚህስ ወዴት?» አለ ኢፌያዲ፣ አምስት የቢራ ቆርኪዎችን በጠመኔ ከተሰመረው ወንዝ ማዶ ደርድሮ።

«ወደ ቤኒን ከተማ ነዋ» አለ አኒዞባ።

«እሱንስ አውቃለሁ። እንቆማለን ወይስ አንቆምም?»

በኤኑጉ፣ በአኒዞባ በረንዳ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በዚህ ጥያቄ ሲጨቃጨቁ ስንት ዘመናቸው። ሁለቱም በጉብዝናቸው ከናይጄሪያ ልትገነጠል የተዋጋችው የቢያፍራ ወታደሮች ነበሩ፤ ኢፌያዲ እግረኛ፣ አኒዞባ የጭነት መኪና ሾፌር። ቤኒንን ያለ ብዙ ተኩስ ከያዙ በኋላ ወደ ጠላት ዋና ከተማ ወደ ሌጎስ መገስገስ ሲገባቸው እዚያው ተቀመጡ። ዘግይተው ተነሥተው በሌጎስ መንገድ ላይ ኦሬ ሲደርሱ ጠላት መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። የኢፌያዲ ታናሽ ወንድም ኡዞዲንማ እዚያ ወድቆ ቀረ።

«ሳንቆም ብንሄድ ኖሮ ጦርነቱ በሳምንት ያልቅ ነበር» ይላል ኢፌያዲ ሁልጊዜ። «ኡዞዲንማም ይሄኔ እንደኛ ጥርሱን አራግፎ እዚህ ይቀመጥ ነበር።»

አኒዞባ አንድም ቀን እሺ ብሎት አያውቅም። ምክንያቱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሚስቱ ናት፣ ጓዳ ውስጥ ቦዬ እየወቀጠች ነው። አኒዞባ ኦሳሩግዌን ያገኛት በእነዚያው ቤኒን በተቀመጡባቸው ቀናት፣ ለራዲያተሩ ውሃ ሊለምን በሯን ሲያንኳኳ ነበር።

ዛሬ ግን የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ኢፌያዲን ልጁ ነገ ሌጎስ ይወስደዋል፤ ከእንግዲህ ኑሮው እዚያ ነው።

«በስተርጅና ሌጎስን ልትይዛት ነዋ» አለ አኒዞባ።

«ምን እይዛታለሁ፣ እሷ ልትማርከኝ ነው እንጂ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩም አይሠራም አሉ።»

ሳቁ። አኒዞባ ወደ ቆርኪዎቹ አጎነበሰ። ኡዞዲንማ ጆሮው ድረስ የሚወርድ ቆብ አጥልቆ፣ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ ሲዘፍን ታየው። ያኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኢፌያዲ ይህን ሁሉ ቅዳሜ የለመነው ወንድሙን ቢያንስ በጨዋታ እንዲመልስለት ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ቅዳሜ ከልክሎታል።

እጁን ዘረጋና ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ እየገፋ ቤኒንን አሳለፋቸው። ኦሬንም አሻገራቸው።

«አልቆምንም» አለ። «ሂድ፣ ያዛት።»

ኢፌያዲ ቀና ብሎ አየው። ኦሳሩግዌ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዛሬ አልፈኸኝ ሄድክ ማለት ነው?» አለች ባሏን።

«ለዛሬ ብቻ ነው» አለ፣ ፊቷን ሳያይ።

«እና ውሃውን ለማን ልስጠው?»

ኢፌያዲ ዝገት የበላውን ቆርኪ አንስቶ ትንሽ በመዳፉ ከያዘው በኋላ ሌጎስ ላይ አኖረው። «ኡዞዲንማ ገባ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ የመጨረሻውን ቆርኪ አነሳና መንገዱን ሁሉ መልሶ ቤኒን ላይ አስቀመጠው።

«የዚህኛው መኪና ራዲያተር ፈልቷል» አለ። «ሾፌሩ እዚሁ ይቅር። እኛ በእግራችን እንደርሳለን።»