የሌስተር ፔትዌይ ካፖርት

ምላጩ ከመጨረሻው ፊደል ሥር ገብቶ ቆሟል። ኦፓል ሬክተር መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ የገዛ እጇን ስፌት ትመረምራለች። ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዱ ሌላውን የነከሰ ስፌት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጓንት ፋብሪካ የሠራች ሴት በቀላሉ የሚተረተር ነገር መስፋት አይሆንላትም። ምን ዋጋ አለው፣ ዛሬ ያንኑ ስፌት ራሷ እንድትፈታው ተጠይቃለች። ከአሥራ ሁለቱ ስሞች አንዱን ብቻ፤ የሌስተር ፔትዌይን።

ባነሩ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ሞልቶ በሁለቱም ወገን ወደ ወለሉ ወርዷል። ጨርቁ ሰማያዊ ነው፣ ፊደሎቹ ነጭ። ከላይ «ቤል ሪጅ ኮሌጅ፣ ሻምፒዮን» ይላል፤ ከዚያ በታች የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ ስም በተርታ ተሰፍቷል። የሌስተር ስም በቀኝ በኩል ከታች፣ ከጫፉ ላይ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ከሥሩ አንድ ወፍራም ነጭ ክር እንደ መስመር ስለተሰመረበት ነው። ክሩ ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ባሸነፉበት ዕለት ልጆቹ እንደ አሸናፊዎች ወግ በየተራ መሰላል እየወጡ የቅርጫቱን መረብ ሲቆርጡ፣ ሌስተር የደረሰውን ቁራጭ ይዞ ወርዶ በእጇ አስያዛት። እሷም ቤቷ ገብታ ይህን ባነር ስትሠራ ከስሙ ሥር ሰፋችው።

ይህ ከሆነ አርባ አምስት ዓመቱ ነው።

ጉዳዩን ያመጣው የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ቨርነን ስኪድሞር ነው። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የኮሌጁ አዲስ ስታዲየም ይመረቃል። የስፖርት ኃላፊው፣ ድሉ ከመዝገብ የተሰረዘ ቢሆንም፣ አሮጌውን ባነር «የደጋፊዎች ማስታወሻ» ብሎ ሊሰቅልላቸው ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቋል፤ የተቀጣው ተጫዋች ስም እንዳይኖርበት። ቨርነንም ማንንም ሳያማክር እሺ ብሎ መጣ። «ያው የሰፋሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ፍቺው» ብሏት ሄደ። እሷም እሺ አለች። ይኸው ከማለዳ ጀምሮ ምላጭ ይዛ ተቀምጣለች፤ አንዲት ክር እንኳ አልቆረጠችም።

የቤል ሪጅ ቡድን «በቅሎዎቹ» ይባላል። የኬንታኪ ተራራ ውስጥ ተወሽቆ፣ በድንጋይ ከሰል ካልሆነ ማንም የማያስታውሰው ኮሌጅ ትልቁ ከተማ ሉዊቪል ድረስ ወርዶ ለፍጻሜ ሲቀርብ፣ የከተማው ደጋፊዎች በሣቅ ሞቱ። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» እያሉ ዘፈኑባቸው። በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ፣ ዘፈኑ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ያን ዕለት በአውቶቡስ ሄደው የነበሩት ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ዓይናቸው ይበራል። አውቶቡሱን የነዳው የኦፓል ባል፣ ፍሎይድ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሦስት ከረባት ያሰሩ ሰዎች ከኮሌጆች ስፖርት ማኅበር መጡ። ተጫዋች ከደጋፊም ሆነ ከኮሌጅ ሠራተኛ ቤት አንዲት ሳንድዊች እንኳ እንዳይቀበል የሚል ደንብ አላቸው። ሌስተር ከአላባማ በስስ ጃኬት መጥቶ፣ ጥር ላይ ግን ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሶ ታይቷል። ማን ሰጠህ አሉት። ራሴ ገዛሁት አለ። ከየት? አላስታውስም። ካፖርቱ የሱቅ ምልክት የለውም፤ በእጅ የተሰፋ ነው። ሦስት ቀን ጠየቁት፣ ሦስት ቀን አላስታውስም አለ። በመጨረሻ ስለዋሸ እሱን አባረሩት፣ ድሉንም ሰረዙት። በማኅበሩ መዝገብ ላይ የዚያ ዓመት አሸናፊ በሚለው ቦታ ዛሬም ሰረዝ ነው ያለው።

ኮሌጁ ያለበት ከተማም የራሱን ፍርድ ለመስጠት አልዘገየም። ካፖርቱን ቁማርተኞች ናቸው የገዙለት ተባለ። ልጁ ጥቁር ነው፣ ከተማው ነጭ ነው፤ ማን ይመስክርለት? የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፍሎይድና ኦፓል። ካፖርቱን ከፍሎይድ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ቆርጣ የሰፋችው እሷ ናት። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ በበረዶ ሲንቀጠቀጥ አይታ አላስቻላትም፤ ደንብ የሚባል ነገር በሐሳቧ ውልም አላለም። ያኔ ፍሎይድ የኮሌጁ ሾፌር፣ ቤታቸው የኮሌጁ ቤት፣ ልጆቻቸውም ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ሌስተር ስማቸውን ቢጠራ ሁሉንም ያጡ ነበር። አልጠራም። እሷንም አንድ ቃል እንዳትናገር ቃል አስገባት። ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሰው ፍሎይድ ነው። እሷ ከወጥ ቤቷ አልወጣችም። ይህን ስታስብ ዛሬም ፊቷ ይቃጠላል።

ባነሩን ኮሌጁ ሊያቃጥለው ሲል ፍሎይድ ከቆሻሻ መኪናው ላይ አንሥቶ ወደ ቤት አመጣው። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

ምላጩን አስቀመጠችና ስልኩን አነሣች። ሌስተር ሞቢል ውስጥ ከወደብ ሥራ ጡረታ ወጥቶ ይኖራል። በየገናው ይደዋወላሉ፤ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ እንጂ ስለዚያ ነገር አንሥተው አያውቁም። አሁን ግን ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ባነሩ፣ ስለ ቨርነን፣ ስለ ምላጩ። ሌስተር እስከ መጨረሻው ሰማትና ሣቀ።

«ሚስ ኦፓል፣ ይፍቱት። ኳሷ እንደሁ ገብታለች፤ ጨርቅ አያወጣትም።»

«ካፖርቱስ?» አለችው። ለምን እንደጠየቀች ራሷም አታውቅም።

«አለ እንጂ። እዚህ ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ በዓመት ሦስት ቀን ቢመጣ ነው። ሦስቱንም ቀን እለብሰዋለሁ።»

ያኔ ስለገባችለት ቃል ጠየቀችው።

«ያ ቃል ለፍሎይድ ሲባል ነበር» አለ። «ነፍሱን ይማረውና፣ አሁን እንጀራውን የሚነሣው የለም። ከእንግዲህ መናገሩም መተዉም የእርስዎ ነው።»

በድምፁ ቅሬታም ቁጣም አልነበረበትም፤ ይህ ነው የባሰባት። ስልኩን ዘጋች። ምላጩን ወደ መሳቢያው መለሰች፣ ባነሩን አጣጥፋ በክንዷ አቀፈችና ወደ መኪናዋ ወጣች።

የዚያ ድል ደጋፊዎች በየዓመቱ ድሉ በተገኘበት በዚህ ቀን ምሳ የሚበሉት በዋናው መንገድ ዳር ባለችው ምግብ ቤት ነው። አሁን የቀሩት አራት ናቸው። ቨርነን አለ፤ ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ የማዕድን ጉድጓድ ሳንባውን በልቶበታል፣ ጣሪያ ተደርምሶ ቀኝ ትከሻውን ሰብሮታል። የቀድሞዋ የስልክ ኦፕሬተር ዋንዳ ኮምብስ አለች። ጆሮው የደከመ፣ ምላሱ ያልደከመ ሃስከል አለ። አራተኛዋ እሷ ናት። ስትገባ ባቄላውና የበቆሎ ዳቦው ቀርቦ፣ ቨርነን ጨዋታውን ጠረጴዛው ላይ ጀምሮታል። ወጉ ነው። የጨው ዕቃዎቹ በቅሎዎቹ ናቸው፣ የኬቻፕና የሰናፍጭ ጠርሙሶቹ የሉዊቪል ረጃጅሞች፣ ኳሷ ደግሞ አንዲት ፍሬ ባቄላ። ሌስተር ድሮ እንደ ጓደኞቹ የጨው ዕቃ ነበር። ከተባረረ ወዲህ ቨርነን ወደ ስቴኪኒ ማስቀመጫነት ዝቅ አድርጎታል። ስሙንም ማንም አይጠራውም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

«አሥራ አንድ ሰከንድ ቀርቷል፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው» ይላል ቨርነን ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ያ ሰውዬ ኳሷን ነጠቀ። ሮጠ። ግራ በኩል ብቻውን የቆመ ልጅ አለ፤ ያቀብለዋል? የለም። ራሱ ወረወረ፣ ሳተ።»

«ሳተና ደግሞ ራሱ ከሁለቱ ዝሆኖች መሐል ዘሎ በግራ እጁ መለሳት» አለ ሃስከል። «በየዓመቱ እዚህ ስትደርስ ድምፅህ ለምን እንደሚጠፋ አይገባኝም። እኔን ነው ደንቆሮ የሚሉኝ።»

ዋንዳ ሣቀች። ቨርነን ግን ወደ ኦፓል ዞሮ ፈታሽው ወይ አላት።

ኦፓል አልተቀመጠችም። ሳህኖቹን ወደ ጎን ገፋች፣ ባነሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ የበቅሎዎቹና የሉዊቪል ተጫዋቾች ከሥሩ ተጋደሙ። ስሙ እንዳለ ነው። ቨርነን አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«ካፖርቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ቁማርተኛ የለም፣ ገንዘብ የለም። ብርድ ልብስ ቀድጄ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የዋሸው ለእኛ ሲል ነው፤ ፍሎይድ ከሥራው እንዳይባረር፣ ልጆቼ ጎዳና እንዳይወጡ። ሌስተር ፔትዌይ ነው ስሙ። ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ጥሩት።»

የምግብ ቤቱ አሳላፊ እንኳ የቡና ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ቀረች። ዋንዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የቨርነን ፊት ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«አርባ አምስት ዓመት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆቼ ፊት፣ የልጅ ልጆቼ ፊት ረግሜዋለሁ። አንቺ እዚችው ተቀምጠሽ ዳቦ ታቀብዪኛለሽ።»

«አዎ፣ አቀብልህ ነበር።»

«ዛሬ ምን ታየሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«እውነትህን ነው፤ ፈሪ ነበርኩ። የአብዬን እከክ ለእምዬ ልክክ ሲደረግ እያየሁ ዝም አልኩ። ከፈለግህ ትፋብኝ፣ ይገባኛል» አለች። «ይህ ጨርቅ ግን ሙሉውን ይገባል። ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ቨርነን።»

ቨርነን ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። በሩ ከኋላው ለረጅም ጊዜ ተወዛወዘ። ኦፓል ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ዋንዳ ባነሩን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ የስቴኪኒ ማስቀመጫዋን ከሥሩ አወጣችና ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ወሰደቻት፤ በምትኩ አንድ የጨው ዕቃ ይዛ ተመለሰች።

ስታዲየሙ ውስጥ ሁሉ ነገር አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል። የስፖርት ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ባነሩን አየው፣ ስሙን አየው፣ በጣም አዝናለሁ አለ። በዚህ መልኩ ጣሪያ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም፣ ማኅበሩ ኮሌጁን ይቀጣዋል። ኦፓል ነገሩን ከሥር እስከ ጫፉ ነገረችው። ሰውየው ከልቡ ሰማት፤ ግን ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ መዝገብ የሚያስተካክል ወረቀት እሱ ዘንድ የለም።

«ማንጠልጠል አይቻልም አሉን?» አለች ዋንዳ። «መያዝስ?»

ኃላፊው ስለ መያዝ የሚናገር ደንብ አላስታውስም አለ፤ ይህን ሲል ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ ያለች መሰላት ኦፓል። ሦስቱ አራተኛው ረድፍ ላይ ወጥተው ቆሙ። ችግሩ ጨርቁ ነው፤ የአራት ሰው ስፋት አለው። ዋንዳ ግራውን፣ ሃስከልና ኦፓል መሐሉን ያዙ። ቀኝ ጫፉ ማንም ሳይዘው ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፤ የሌስተር ስም ያለበት ጫፍ። ኦፓል ክንዷን ዘረጋች፣ አልደረሰችበትም። ወደ ቀኝ ስትሳብ መሐሉ ይወርዳል፣ መሐሉን ስታነሣ ጫፉ ይታጠፋል። ይህን ሁሉ ተናግራ፣ ይህን ሁሉ ተዋርዳ፣ አሁንም ስሙ ሊሸፈን? እንባዋ መጣ፤ በንዴት ዋጠችው።

ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሕዝቡ ተነሣ። ከማጨብጨቡ መሐል የሚያውቁት የሳንባ ፉጨት በደረጃው በኩል ሲቀርብ ተሰማ። ቨርነን አንድ እርምጃ ወጥቶ እያረፈ፣ ሌላ ወጥቶ እያረፈ አራተኛው ረድፍ ደረሰ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። የተጠቀለለውን ጫፍ ያዘ፣ በደረቱ ላይ ዘረጋው፣ ከዚያ ደህና በሆነው ግራ እጁ ወደ ላይ አነሣው። ስሙ ከነመስመሩ ተገለጠ።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ፣ ከኋላ ያሉት ስለተከለሉ እባካችሁ ልቀቁት አላቸው። ሃስከል ጆሮውን አቅርቦ ሁለት ጊዜ አስደገመውና መለሰለት፤

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱ ማኅበሩ ጋ ነው፤ ሞኞቹ እኛ ነን።»

ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ሣቁ። አንዲት ሴትዮ ግድ የለም እንቆማለን አለች። ጥበቃው ኃላፊውን ፈልጎ ዞር ዞር አለ፣ ኃላፊው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። የቨርነን ክንድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኦፓል ታያለች፤ አውርደው ልትለው ፈለገች፣ አላለችውም። ኳሷ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። እሱ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል፣ ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠብቆ፣

«ካፖርቱ ይሞቅ ነበር?» አላት።

«ዛሬም ይሞቃል» አለችው።

ቨርነን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ጫፉን ትንሽ ከፍ አደረገው።