ሁለቴ የሰማሁት ድምፅ

ከጉዞው በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሠላሳ ስድስት ነበሩ። እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ፣ የፊዚክስ መምህርታቸውና የክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ስም ከመጥራት ቁጥር ማስጮህ ይፈጥናል፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ ስድስት በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። አሥራ ስምንት ልጄ ናት። አሥራ ሰባት ጓደኛዋ ናት፤ ሩጫዋን አይቶ ክፍሉ «ሚዳቋ» ብሎ ስም ያወጣላት። ሁለቱ ፊደል ከቆጠሩበት ጊዜ ጀምሮ ከአንድ ዴስክ ተነሥተው አያውቁም። አንዷ ስታረፍድ ሌላዋ ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ ቁጥሯን ትጠራላታለች። ክፍሉ ይስቃል። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ዘግይተው አያውቁማ።

ለሁለት ቀን የሄድንበት ካምፕ ከትምህርት ቤታችን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጫካ ውስጥ የገመድ ድልድይና በገመድ ታስረው የሚወጡት፣ ሰባት ሜትር የሚሆን የእንጨት ግድግዳ አለው። ከግድግዳው ጫፍ ላይ ደወል ተሰቅሏል።

«ደወሉን የደወለ ሰሃን አያጥብም» አለ የካምፑ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን። ሃያ ዘጠኝ ልጆች ደወሉት። ሚዳቋ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ከመካከል ተመለሰች። ሦስተኛ ተራዋ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ቀበቶው ወገቧ ላይ ታስሮ፣ ገመዱ ተያይዞላት ሳለ ዝናቡ ወረደ።

«በቃ፣ እንጨቱ ሳሙና ሆኗል» ብሎ አሰልጣኙ ፈታት።

«ሚዳቋ ሜዳ ላይ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ ኤሊ ናት» አላት አንዱ ቀልደኛ።

«አንተስ ትናንት እናትህን ስትጠራ አልነበረም?» አለችው። ሳቀች። ወደ መመገቢያው አዳራሽ ስንሄድ ግን ሁለት ጊዜ ዞራ ግድግዳውን አየች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ለመመለስ ቆጠራ አደረግሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሁለቱ አውቶቡሶች ሞተራቸውን አስነሥተዋል።

«ቲቸር፣ ጭቃው ሳይውጠን እንውጣ እንጂ» አለ ሾፌሩ።

ቁጥሩ ተጀመረ። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የልጄ ድምፅ ነበሩ። አሥራ ሰባትን እንደ ልማዷ ቀጠን አድርጋዋለች። ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል አልሁ በልቤ። ወረቀቱ ላይ «36፣ ሙሉ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሰዓቱንም ጨመርሁ።

ሚዳቋ ለልጄ «ደወሉን ሳልነካ አልሄድም፤ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ እደርሳለሁ» ብላት ነበር። ልጄ ከእኔ ጋር በመጀመሪያው ተሳፈረች። በሁለተኛው የነበረው የስፖርት መምህር ደግሞ ሁለቱን ነጣጥሎ አይቷቸው ስለማያውቅ፣ ሚዳቋ ከልጄ ጋር ናት ብሎ ደመደመ።

ሃምሳ ደቂቃ ከተጓዝን በኋላ ነዳጅ ማደያ ቆምን። ልጄ ወርዳ ወደ ኋለኛው አውቶቡስ ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ የለችም።»

ወደ ካምፑ ደወልሁ። አሰልጣኙ ከግድግዳው ሥር አገኛት። ያለ ገመድ ወጥታ ወድቃለች፤ የግራ ጭን አጥንቷ ተሰብሯል፤ ዝናቡ ላይዋ ላይ ሲወርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝታለች።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን። የሚዳቋ አባት አናጺ ነው፤ ከሥራ እንደመጣ ሱሪው ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረበት። ልጄ ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች።

«ቁጥሯን የጠራሁላት እኔ ነኝ።»

«ከልጄ ጋር ከአንድ ሰሃን አብልቼ ያሳደግሁሽ» አላት አናጺው፤ «አንቺ ነሽ ጉድ የሠራሽኝ? ዓይንሽን አያሳየኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎማ ምን ያድርጉ? በዚያ ዝናብ ተታለው ነው።»

መልስ የሚሆን ጊዜ ነበረኝ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው እስኪያደርጉ ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ ልጄ በኮሪደሩ ስታልፍ ተማሪዎቹ «ሙሉ ነን፣ ሙሉ ነን» እያሉ ይጮኹባት ጀመር። ምሳዋን ሳትነካ ይዛ ትመለሳለች። እኔ ምሳ ዕቃውን አጥባለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ እያሰጣን ነበር።

«እማዬ» አለች፤ «ዝናቡ ባይኖር ድምፄን ትለዪው ነበር አይደል?»

አዎ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የጠየቀችኝም ይህንኑ ነው።

«ለይቼዋለሁ» አልኋት።

«መቼ?»

«እዚያው። ስትጠሪው።»

የያዘችውን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ሰቀለች፤ ሁለቱንም መቆንጠጫዎች አደረገችበት።

«ቢሮ ውስጥ ሲናገረኝ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርሁ።»

«እኔኮ አንቺን ያታለልሁሽ መስሎኝ ነበር። ያ ነበር ከሁሉ የባሰብኝ።»

ቅርጫቱን አስቀምጣ ገባች። ከሰዓት በኋላ ልብሷን ይዛ ወደ አክስቷ፣ ወደ እህቴ ቤት ሄደች።

ሰኞ ጠዋት የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠሁ። የክፍሉን ኃላፊነት ወሰዱብኝ። አናጺው ተጠርቶ መጥቶ ደብዳቤውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። እንዲሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሰደበኝም።

«ልጅቷን ነው የሰደብሁት» አለ ብቻ። ያን ዕለት እህቴ ቤት ድረስ ሄዶ ልጄን ይቅርታ ጠየቃት።

ከአምስት ወር በኋላ ሐኪሙ የመጨረሻውን ምርመራ ሲያደርግ አናጺው ደውሎ ጠራኝ። «መምህር፣ እርስዎም መጥተው ይስሙት» አለኝ። ሆስፒታሉ ስደርስ ልጄ አግዳሚው ላይ ከአናጺው ጎን ተቀምጣ ነበር። ለእኔ የሚሆን ቦታ ነበረ፤ እሷ ግን አልተጠጋችም፣ እኔም አልተቀመጥሁም። ሚዳቋ በሁለት ምርኩዝ ከምርመራው ክፍል ወጣች። ልጄ ተነሣች። ሚዳቋ ሁለታችንንም አየችና «አባዬ፣ እንሂድ» አለች።

እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ሐኪሙን ጠየቅሁት፦ «ቶሎ ተገኝታ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያንን የምለካበት ነገር የለኝም፣ እኅቴ» አለ፤ «የለካሁት እግሯን ነው።»

የግራ እግሯ ከቀኙ በሁለት ነጥብ አራት ሴንቲሜትር ያጥራል።