ሦስት እጅ ቫርኒሽ

እሜቴ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኝታ ቤታቸውን በር መዝጋት።

በሩ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጎኑ ከላይ በኩል ከመቃኑ ጋር ይጣበቅና ጣት የምታህል ሲቀረው እንቢ ይላል። አናጢው ባላቸው በሕይወት ሳሉ ዝናቡ ሲጠና መላጊያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። እሜቴ በሩን በትከሻቸው ደግፈው ይይዛሉ፣ ባላቸው ይልጋሉ፣ ነገሩ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። አርባ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ። «እሜቴ» የሚለውንም ስም ያወጡላቸው ባላቸው ነበሩ፤ በሩን ደግፈው «ከፍ በል፣ ዝቅ በል» እያሉ ሲያዙ ሰምተው።

አሁን ባል ከሞቱ ሦስተኛው ክረምት ነው፤ በሩም ሦስት ክረምት ገርበብ እንዳለ ነው። በዚያች ክፍተት ድመቷ ትገባለች፣ የልጅ ልጆቹ ጫጫታ ይገባል፣ የቴሌቪዥኑ ወሬ ይገባል፣ «እማዬ፣ ደኅና ነሽ?» የሚለው የታላቅ ልጃቸው ድምፅ በየሰዓቱ ይገባል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ። እሜቴ ሁሉንም ይወዳሉ። ግን ሰው አንዳንድ ጊዜ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ ማስረዳት አይፈልግም።

መላጊያው የት ሄደ ቢባል፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ታላቁ ልጅ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ አንድ ምስማር ሲመታ ሁለት ጣቱን የሚያቆስል ሰው። አባቱ በሞቱ በሳምንቱ መላጊያውን ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠና ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባው። እንጨቱን፣ ምላጩን የሚያጠብቀውን ሽብልቅ፣ ምላጩን ራሱን ሳያስቀር። ሲቀባ ዋለ። ሲደርቅ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። እሜቴ ያን ቀን የልጃቸውን ዓይን አይተው ዝም አሉ። በሩ አልዘጋ ቢል አፋቸውን ዘጉ።

ዘንድሮ ግን ዳይሬክተሩ የብረት በር ሠሪ ጠርቶ አመጣ። ሰውየው በሩን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ ለማገዶ ነው የሚሆነው። ቅዳሜ አዲሱን እገጥምላችኋለሁ» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሴት ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ እሜቴ ሳሎን መሐል ቆመው ግድግዳውን እያዩ ነበር።

«አውርጂልኝ» አሏት።

«ምኑን?»

«የአባትሽን መላጊያ።»

ዳይሬክተሩ ይህን ሰምቶ ከጓዳ ወጣ። «እማዬ፣ እሱ እኮ የአባባ ማስታወሻ ነው።»

«እኔም የአባባ ማስታወሻ ነኝ። ቫርኒሽ ስላልቀባኸኝ ግን እስካሁን እሠራለሁ።»

«ከነካካነው ይበላሻል።»

«ከዚህ ወዲያ ምኑ ይበላሻል?» አለች እህቱ። «ቀብተህ ቀብተህ ቀበርከው እኮ፣ አቶ ዳይሬክተር።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እሜቴ ሦስት ዓመት የፈሩት ይህንኑ ነበር። ጠጋ ብለው ክንዱን ያዙት።

«ስማኝ ልጄ። መላጊያውን አባትህም ከአጎቱ ወረሰው እንጂ አልሠራውም። በእጁ የሠራው በሩን ነው። ቅዳሜ በሩን ለማገዶ ሰጥተህ፣ መላጊያውን ልትወለውለው ነው?»

ዳይሬክተሩ ወንበር ጎትቶ ወጣና መላጊያውን በገዛ እጁ አወረደው።

በረንዳ ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። ልጅቱ በቀለም ማቅጠኛ ጨርቅ እየነከረች፣ ወንድሟ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ፣ ሦስቱን እጅ ቫርኒሽ አንድ በአንድ ገፈፉት። ከሥሩ የአባታቸው መዳፍ ያለሰለሰው ጥቁር እንጨት ብቅ አለ። ሽብልቁ ግን ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ዳይሬክተሩ በፒንሳ ይዞ እየታገለ አላበው።

«መንጋጋ ነው እንዴ የምትነቅለው?» አለች እህቱ።

«ቂጡን ምታው» አሉ እሜቴ ከወንበራቸው።

«ምን አልሽ?»

«ቂጡን፣ ከኋላ በኩል። አባትህ ሽብልቁን በእጁ ጎትቶ አያውቅም። ቂጡን በመዶሻ ቸብ ያደርገዋል፣ እሱ ራሱ ይወጣል።»

«እኛ ትምህርት ቤት ከተከለከለ ቆይቷል» አለ ዳይሬክተሩ፣ መዶሻውን እያነሳ።

በሦስተኛው ምት ሽብልቁ ዘለለ፣ ምላጩም ተከትሎት ወደቀ። ከሥራቸው ደግሞ አንዲት የተጠቀለለች የእንጨት ፍቅፋቂ ወጣች፤ ቢጫ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች። አባታቸው በመጨረሻው ክረምት የላጓት ናት። እሜቴ ጎንበስ ብለው አነሷትና ኪሳቸው ከተቷት።

ምላጩን የሳለችው ልጅቱ ናት፤ መቀሷን የምትስልበት ድንጋይ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ዝገቱን አራግፋ፣ ውሃ እያርከፈከፈች፣ ጋዜጣውን በአየር ላይ እስኪቆርጥ ድረስ ሳለችው። ወንድሟ ምላጩን መልሶ ገጠመና ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። እሜቴም ቦታቸውን ያዙ፤ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ትከሻቸውን አስደግፈው።

መላጊያው እንጨቱን ቧጠጠ፣ ዘለለ፣ እንደገና ቧጠጠ። ከበሩ ጠርዝ ስንጣሪ ተነሳ።

«አየሽ?» አለ ዳይሬክተሩ። «አልኩሽ እኮ፤ ከአባባ ጋር አብሮ ሞቷል።»

እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ድምፁ ይሄ አይደለም። ምላጩን ገልብጠኸዋል። የተሞረደው ጎኑ ወደ ታች ነው የሚሆነው። ደግሞ ሆዱን ሻማ አላስነካኸውም።»

«ሻማ?»

«ሻማ ይታሽበታል፤ እንዲንሸራተት። እናንተ አባታችሁ ሲሠራ የት ነበራችሁ?»

«ስንጫወት» አሉ ሁለቱም።

ዳይሬክተሩ ቂጡን መታው፣ ምላጩን ገለበጠው፣ ሻማ አሸበት። እንደገና ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ገፋው።

ሽርርር አለ። ልጅቱ ድምፁን አወቀችው፤ ስለታም መቀስ ሐር ጨርቅን ሳይቆም ከዳር እስከ ዳር ሲቆርጥ የሚያሰማው ነው። ከመላጊያው አፍ ረጅም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣና ዳይሬክተሩ ጫማ ላይ አረፈ። ልጁ አየው። ደገመ። ሠለሰ። ሸሚዙን አወለቀና በካናቴራ ቀረ።

«ከፍ በል» ይላሉ እሜቴ። «ዝቅ በል። እዚያ ጋ፣ አዎ።» ፍቅፋቂው ፀጉራቸው ላይ እየወደቀ ነው፤ አላራገፉትም። ዳይሬክተሩ እንደ ልጅ እየሳቀ ይገፋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በፍቅፋቂ ተውጧል።

«በቃህ» አለች እህቱ ቆይታ። «መስኮት ልታደርገው ነው?»

እሜቴ ከወለሉ አንዲት አዲስ ፍቅፋቂ መርጠው አነሱ። ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን በአንድ ጣት ገፉት። መጣ፣ መጣ፣ ከመቃኑ ገጠመ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

ውጭ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ዳይሬክተሩ እስከ ሃያ የሚያስቆጥር ያህል ታገሠ።

«እማዬ፣ ደኅና ነሽ?»

«አንኳኳ» አለ ድምፅ ከውስጥ።

አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ ሥራ ይዣለሁ።»

ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ እየሳቀች ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች። ወንድሟም አጠገቧ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ለበር ሠሪው ደወለ፤ ቅዳሜ እንዳይመጣ፣ ለድካሙም ይቅርታ እንዲያደርግለት ነገረው።

እሜቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው አሮጌዋን ፍቅፋቂ ከኪሳቸው አወጡና ከአዲሷ ጎን ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። ውፍረታቸው አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ የልጁ ትንሽ ወፈር ይላል። ይማራል። ከዚያ በዝግ በር ውስጥ፣ እንደፈለጉ፣ ለራሳቸው ትንሽ ቆዩ።

ከውጭ ክርክር ሰሙ።

«እዚያው ቦታው ላይ ልመልሰው እንጂ» ይላል ዳይሬክተሩ። «አሁን ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የምቀባው።»

«አይሰቀልም» አሉ እሜቴ ከውስጥ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ለከርሞ እንፈልገዋለን።»