ጠቅ የማይል ካሜራ

አዳማ ውስጥ ሠርግ የሚያነሱ ሰዎች ቀነኒሳን በስሙ አይጠሩትም ነበር፤ «ጠቅ» ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት ወንጂ፣ በኦቦ ጀቤሳ ግቢ ነው።

ኦቦ ጀቤሳ ሸንኮራ ሲቆርጡ ያረጁ፣ ካረጁ በኋላ ደግሞ አገሩ ሁሉ ለምርቃት የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሲመርቁ ቆመው ነው። እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቃል ይናገሩና ዝም ይላሉ። ሰዉም መዳፉን ከፍቶ «ሀዬ!» ይላል። ከዚያ ቀጣዩ ቃል ይመጣል። በቃሉና በ«ሀዬ»ው መካከል ያለችው ዝምታ ግን የሳቸው ናት። ሕፃን ቢያለቅስባት ያልፉታል፤ ዶሮ ቢጮህባት ያልፉታል። የዕቃ ድምፅ ከገባባት ግን ምርቃቱ ተሰብሯል ይሉና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ለቀነኒሳ ይህን የነገረው አልነበረም። በትልቋ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ፣ ያ ውስጡ መስታወት የሚገለበጥበት ከባድ ካሜራው በዚያች ዝምታ መሐል «ጠቅ!» አለ። ኦቦ ጀቤሳ እጃቸውን አወረዱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደ አዲስ ጀመሩ። ቀነኒሳ ሽማግሌው ቃል ጠፍቷቸው ነው ብሎ አሰበ፤ አዘነላቸውም። ደግሞ «ጠቅ!» አለ። እሳቸውም እንደ አዲስ። ሙሽራው ላብ በላብ ሆነ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣ የሚዜዎቹ ሆድ ይጮህ ጀመር። በመጨረሻ አንዲት አክስት መጥታ ክንዱን ያዘችና እንዳስቸገረ ተማሪ ከዳሱ አወጣችው።

ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለአሳየች ሲያወራላት እየሳቀ ነበር። ወሬው ሳያልቅ ግን ሳቁ ጠፋ።

«እጃቸውን ብታዪው፣ አሳዩ» አላት። «ፊታቸው የሚከፈተው በዚያች ዝምታ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ላነሳው ስል እዘጋዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ አለ?»

ከዚያ ወዲህ የሰኞው ጨዋታ ተጀመረ። ሰኞ ሠርግ የሚያነሱ ሰዎች የሚያርፉበት ቀን ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ባለችው የቀነኒሳ ፎቶ ቤት ደጃፍ ሦስት ጓደኛሞች፣ ቀነኒሳ፣ ኢተፋና ቪዲዮ ቀራጩ አብዱናሲር፣ ስፕሪስ ጭማቂ ይዘው ይቀመጡና ገና ያልተሠራ ካሜራ ይሠራሉ። አሳየች ከውስጥ ኮምፒዩተሩ ላይ ፎቶ እያስተካከለች ታዳምጣቸዋለች።

«ባትሪው ከሽምግልና እስከ መልስ የሚቆይ ይሁን» ይላል ኢተፋ። «እኔ ሠርግ መሐል ሶኬት ስፈልግ ስንት ሙሽራ አምልጦኛል።»

«የማይሞቅ ይሁን!» ይላል አብዱናሲር። «መተሐራ ላይ ቪዲዮ ስቀርጽ ካሜራው ከሙሽራው ቀድሞ ተዝለፈለፈብኝ። እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጌበት እንደ በሽተኛ ሳስታምም ዋልኩ።»

የቀነኒሳ ምኞት ብዙ ነው። ሌንስ ሲቀየር ከአዳማ ነፋስና አቧራ ዐይኑን ራሱ የሚጨፍን፤ ነጩን ቬሎና ጥቁሩን ፊት አንዱን ሳያጠፋ አንድ ላይ የሚያይ፤ መስታወቱ ወጥቶለት ድምፁም አብሮ የወጣለት። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚያነሳት አንዲት ነገር ነበረችው።

«ደግሞ ሁሉን በአንዴ የሚያይ ይሁን። አሁን ያሉት ዝምተኞቹ ካሜራዎች ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነቡት፤ እንደ ትምህርት ጀማሪ። ዐይን እንደዚያ ያያል እንዴ?»

«ይሄን ሁሉ ቢሰጡህ ምን ልታነሳበት ነው?» ይለዋል ኢተፋ።

«ኦቦ ጀቤሳን።»

ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። አሳየች ግን ከውስጥ ሆና፣ እየቀለደ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

ቀነኒሳ የታመመው በክረምት ነው። ለመስቀል አልደረሰም።

አርባው ካለፈ በኋላ አሳየች የፎቶ ቤቱን በር ከፈተች። ሰው ለመሸጥ መስሎት ነበር። እሷ ግን የቀነኒሳን ከባድ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ሥራ ወጣች። ያስተማራት ሰው የለም። ዓመታት ሙሉ የባሏን ፎቶዎች ስታስተካክል የት እንደቆመ፣ መቼ እንደቸኮለ፣ መብራቱ የት ላይ እንዳታለለው ከምስሉ ላይ ታነብ ነበር። ትምህርት ቤቷ ያ ነው። ሰኞ ሰኞም የቀነኒሳ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች፤ ጓደኞቹም ዝም ብለው ጭማቂዋን አዘዙላት።

ኢተፋ ሚረርለስ የሚሉትን፣ መስታወት የሌለውን ካሜራ፣ በገዛ ሰሞን ነው የኦቦ ጀቤሳ ልጅ ሚሊዮን ወደ ፎቶ ቤቱ የመጣው። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ወይዘሮ አሳየች፣ ልጄን ገላኔን ልድር ነው» አላት። «አባቴ ደግሞ ደክመዋል። እየመረቁ የተነሱት ፎቶ አንድም የለንም። ስልክ እንዳናነሳ ‹እጁ ስልክ የያዘ ሰው ምርቃቱን በምኑ ይቀበላል?› ይላሉ። ለምኜ ለምኜ አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ አስፈቅጃለሁ። እና...» ባርኔጣውን ማሽከርከሩን አቆመ። «ትንፋሻቸው አጭር ነው። አንዴ ከተቋረጡ ደግመው አይጀምሩም። እንደ ያኔው ከሆነ ልጄ ሳትመረቅ መሄዷ ነው።»

አሳየች እንደ ያኔው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ጠቅ ካለ ካሜራዬን አስቀምጬ ከዳሱ እወጣለሁ» አለችው። «የምታወጣኝ አክስት ግን አሁንም አለች?»

ሚሊዮን ሳቀ። «አለች። ከያኔው ብሳለች።»

ኢተፋ አዲሱን ካሜራ ሲያውሳት እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር ያመጣው። የቀነኒሳን ካሜራም ከቦርሳዋ አላወጣችም፤ ያለ እሱ ሥራ ወጥታ አታውቅም።

በሠርጉ ቀን ወንጂ ስትደርስ በቅርብ ካለው ማሳ የሸንኮራ ቅጠል እየተቃጠለ፣ ጥቁር ጥላሸት በግቢው ላይ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ዳሱ በአራቱም ጎን በሸራ ተዘግቷል። ውስጡን የዲኮር ሰዎች በብዙ አምፖል አንቆጥቁጠውታል። አሳየች ካሜራውን በዝምታ ላይ አድርጋ፣ ካሜራው ለማተኮር ዐይን ሲፈልግ የሚያበራትን ብርቱካናማ መብራት በፕላስተር ሸፍና፣ የገላኔን ባዶ ወንበር ለሙከራ አነሳች። ድምፅ የለም። ደስ አላት። ከዚያ ምስሉን አየች።

አብዱናሲር ቪዲዮ እንዳይቀርጽ ስለተከለከለ ከዳሱ ደጃፍ ቆሟል። በትከሻዋ በኩል አጮለቀ።

«ወይ ጉድ! የሜዳ አህያ አነሳሽ እንዴ?»

ምስሉ ከላይ እስከ ታች ጥቁርና ነጭ መስመር ነበር። አምፖሎቹ ለዐይን በማይታይ ፍጥነት ይርገበገባሉ፤ ካሜራው ደግሞ መስመር በመስመር ሲያነብ ብልጭታውንም ጨለማውንም እንዳለ ይመዘግበዋል። ቀነኒሳ ሲመኝ የኖረው፣ ሁሉን በአንዴ የሚያየው ካሜራ እጇ ላይ ያለው አይደለም።

«በድምፅ አንሺያ፣ ያኔ መስመሩ ይጠፋል» አለ አብዱናሲር፣ ሲናገረው ራሱም ደንግጦ።

«አብዱ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አልተናገርኩም።»

መብራቱን አስጠፋች። ዳሱ እንደ ጉድጓድ ጨለመ፤ የዲኮሩ ልጅም ሊያለቅስ ደረሰ። የሸራውን ጎን ከፍ አደረገች። የከሰዓቱ ብርሃን ገባ፤ ጥላሸቱም አብሮ ገባ።

«ቬሎው! ቬሎው!» እያለች አንዲት ወፍራም ሴት ሸራውን ከእጇ ነጥቃ አወረደችው። ከዚያ አሳየችን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። «አንቺ የማን ነሽ?»

«ፎቶ አንሺዋ ነኝ እቴቴ።»

«እሱንማ አየሁ» አለች፤ ያቺው አክስት ናት። «ዛሬ ዐይኔ ካንቺ ላይ አይነሳም።»

ወደ ምርቃቱ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። አሳየች ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ቁጢጥ አለች። ሰኞ ሰኞ ከውስጥ ሆና ስትሰማ የነበረው ድምፅ መጣላት፤ ኢተፋ «ያ ካሜራ እስኪመጣ ድረስስ?» ሲለው ቀነኒሳ የመለሰለት። «እስኪመጣ ድረስ ካሜራውን ቀስ ታደርገዋለህ። መብራቱ በሚርገበገብበት ልክ ከዘገየህለት መስመሩ ይጠፋል። ችግሩ፣ ያን ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ጭስ ይሆናል።»

ሻተሩን፣ የካሜራውን መክፈቻና መዝጊያ፣ አዘገየችው። አብዱናሲርን አነሳችው። መስመሩ ጠፋ። እጁን እንዲያወዛውዝ ነገረችው፤ አነሳችው።

«ፊቴ አምሯል» አለ። «እጄ ግን የለም። የኔስ ይሁን፣ የሽማግሌው ነገር እኮ እጃቸው ላይ ነው።»

ወዲያው ኦቦ ጀቤሳ ተደግፈው ገቡ። ሰዉ ተነሳ። ሚሊዮን ከአባቱ በስተግራ ቆመ፤ አሳየችን ሲያይ ዐይኑ ይለምናል። ስልኮች ወደ ኪስ ገቡ፣ መዳፎች ተከፈቱ። አክስቲቱ መጥታ ከአሳየች ጎን ቆመች።

«ሰላም ይውረድ» አሉ ሽማግሌው።

«ሀዬ!»

አሳየች ካሜራውን ዐይኗ ላይ አድርጋለች፤ ጣቷን ግን አላሳረፈችም። ታያለች። ሲናገሩ እጃቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጣቶቻቸው ዘር እንደሚዘራ ሰው ይበተናሉ። አሁን ቢነሱ ጭስ ናቸው።

«ዝናብ በወቅቱ ይዝነብ።»

«ሀዬ!»

ያኔ አየችው። ቃሉ እንዳለቀ፣ «ሀዬ»ው ሳይመጣ፣ ኦቦ ጀቤሳ ጨርሶ አይንቀሳቀሱም። እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ይቆማል። ትንፋሻቸው ይቆማል። ፊታቸው ይከፈታል። ያቺ ቀነኒሳን ያስወጣችው ዝምታ ናት። ከምርቃቱ ሁሉ ለዘገየ ካሜራ የምትመች አንዲት ቦታ ብትኖር እሷ ብቻ ናት።

«ገላኔ ልጄ፣ የሄድሽበት ቤት እንደ አባትሽ ቤት ይሁንልሽ።»

ዝምታ። አሳየች ትንፋሿን ይዛ ተጫነች። የካሜራው ማንጠልጠያ አንገቷን እንደ መጋዝ ሲገዘግዛት ተሰማት፤ ዓመታት የሰማችው «ጠቅ» ከየት ይመጣ ይሆን ብላ ጠበቀች። አልመጣም። በካሜራው መስኮት ጥግ ፎቶው መነሳቱን የምትነግር አንዲት ነጭ ክፈፍ ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ሀዬ!»

ከዚያ በኋላ አልፈራችም። በየዝምታው ተጫነች። ከፊት አነሳቻቸው፣ ተንፏቅቃ ከጎን አነሳቻቸው፤ የገላኔ እንባ ከአገጯ ሊወድቅ ሲል ከእጃቸው በታች አድርጋ አነሳቻቸው። ቃሉ፣ ዝምታው፣ አሳየች፣ «ሀዬ»ው። እንደ አንድ ሥራ ሆነ። ምርቃቱ ሳይሰበር ወረደ፣ ወረደ፣ «ሆራ ቡላ!» ብለው ዘጉት። ተባዙ፣ ሰንብቱ ማለት ነው። እልልታው ዳሱን ሞላው። ሚሊዮን ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ኦቦ ጀቤሳ እያለከለኩ ተቀመጡ፤ ዙሪያውን ቃኙ።

«ያቺ ፎቶ አንሺ መቼ ነው የምትጀምረው?»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው አክስቲቱ ነበረች።

«ጨርሻለሁ አባቴ» አለች አሳየች።

«ምኑን?»

ተንበርክካ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ካሜራውን አርቀው፣ አቅርበው፣ እንደገና አርቀው አዩት። እጃቸው እዚያ አለ፣ የደም ሥሩ ሳይቀር። ፊታቸውም ክፍት ነው።

«ይሄ አባቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እሱን መምሰሌን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ልጅስ? የት ሄደ?»

ሳቁ ቀረ።

«ባለቤቴ ነበር አባቴ። አርፏል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ማንም «ሀዬ» አላለም።

«ያን ቀን እኮ ምርቃቱ ሳያልቅ ነው ያስወጡት» አሉ። «ሳይቀበል ሄደ። አንቺም ዛሬ እጅሽ እንደተያዘ ዋለ፤ አልተቀበልሽም። ዕቃው አለ? ያ የሚጮኸው?»

አሳየች ቦርሳዋን ከፍታ የቀነኒሳን ካሜራ አወጣች። ሲቀበሏት ክብደቱ እጃቸውን ዝቅ አደረገው። የምትጫነዋን ቦታ በጣታቸው አስያዘቻቸው።

«በይ ቁሚ። መዳፍሽን ክፈቺ፣ ልጄ።»

ከዚያን ቀን በፊት ከካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም ማለት ይቻላል። ባዶ መዳፏን ዘረጋች፤ ምን እንደምታደርገው አታውቅም ነበር።

«የሄደው ነፍሱ በሰላም ትረፍ። የቀረችው ዐይኗ አይድከም፣ እጇ አይዛል። ሁለቱ የጀመሩት ይጨረስ።»

ቃሉ አለቀ። ያቺ ዝምታ መጣች። ኦቦ ጀቤሳ ከባዱን ካሜራ ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ተጫኑት።

«ጠቅ!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሚሊዮን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ከመጀመሪያው ሊጀምሩ ነው?

ሽማግሌው ካሜራውን ከፊታቸው አወረዱና ዳሱን ሙሉ ተቆጡ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ሀዬ!» አለ ሰዉ። «ሀዬ! ሀዬ!» አብዱናሲርም ከደጃፍ ሆኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጮኸ። ሸራው ተንቀጠቀጠ፤ ከላዩ የተጠራቀመው ጥላሸት በየቀዳዳው ሾልኮ በነጩ ቬሎ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ፤ አክስቲቱ እንኳ ዝም አለች፣ መዳፏን ከፍታ ቆማ ነበርና።